የመምህሩ ዋስትና

ወደ በደሳ ከተማ ከተዛወርኩ ወዲህ ጭሮ ይናፍቀኛል። ሩቅ ሆኖ አይደለም። የሚናፍቀኝ ያ፣ ከአንድ መምህር ግቢ ቤት ተከራይቼ የኖርኩበት፣ ባጃጆች ከበሩ ፊት ጥሩምባቸውን ሲያቀልጡት የምነቃበት ጭሮ ነው። የሐኪሞች ምደባ ዕጣ ከደብረ ማርቆስ አምጥቶ ሲጥለኝ አንድም ሰው አላውቅም ነበር። መምህሩ ሸምገል ያሉ፣ ቀልደኛ ሙስሊም ናቸው፤ አማርኛቸው መሀል ኦሮምኛ ጣል እያደረጉ «ኢንተላ ቲያ» ይሉኛል፣ ልጄ ማለታቸው ነው።

አንድ ዓመት ላይ፣ መንግሥት ከፍሎ የቤተሰብ ሕክምና ስፔሻሊቲ የሚያስተምርበት ቦታ ለሆስፒታላችን ደረሰና እኔ ተመረጥኩ። ጓደኞቼ ሳቁብኝ። «ቀዶ ሕክምና እያለ? ለጉንፋን ነው እንዴ ስፔሻላይዝ የምታደርጊው?» ይሳቁ! ከሚኤሶ በጭነት መኪና የምትመጣ እናት ልጇን አዝላ ከክፍል ክፍል ስትንከራተት እኔ አይቻለሁ። ሁሉን የሚያይላት አንድ ሐኪም ነበር የሚያስፈልጋት።

ችግሩ ዋስ ነው። ተምሬ ካልተመለስኩ ወጪውን የሚከፍል ደመወዝተኛ ካልፈረመልኝ ቦታው ለሌላ ይሰጣል። ማን ይፍረም? ከእኔ በፊት የሄደው ሐኪም በዚያው ቀርቶ፣ ዋሱ በየወሩ ደመወዙ ይቆረጥበታል አሉ። ይህን የሰማ ሁሉ ስደውልለት ስልኩን ያጠፋል። አልፈረድኩባቸውም፤ ግን አልቅሻለሁ።

መምህሩ ጉዳዩን የሰሙት ከሰዓት በርጫ ላይ፣ ከጓደኞቻቸው ጋር ጫት ሲቅሙ ነው። «እኔ እፈርማለሁ» አሉ።

ሁሉም ጫቱን ጥለው ጮኹባቸው። ለካ ያ ደመወዙ የሚቆረጥበት ዋስ እሳቸው ኖረዋል! ያን ያህል ጊዜ አብሬያቸው ስበላ አንድ ቀን አንስተውት አያውቁም።

«ያ አላህ! ሰው ከመከራ አይማርም? እባብ ያየ በልጥ በረየ ሲባል አልሰማህም?» አላቸው አንዱ።

«እሱ ቀረ ብዬ እሷን ልቅጣ?» አሉና ጫማቸውን መፈለግ ጀመሩ።

ሦስት ዓመት አዲስ አበባ ተማርኩ። ሊያልቅ ሲል አንድ የግል ክሊኒክ «ግዴታሽን እኛ እንከፍላለን፣ እዚሁ ቅሪ» አለኝ። ደመወዙ ልብ ያሸፍታል፤ አልዋሽም። ዕዳው ከተከፈለ መምህሩን የሚነካቸው የለም። ግን የበርጫው ሰዎች «አላልንህም?» ሲሏቸው ታየኝ። ጓዜን ጠቅልዬ ተመለስኩ።

ሥራ በጀመርኩ ቀን መምህሩ ካርድ አውጥተው እንደማንም ሰው ተሰልፈው ጠበቁ። ተራቸው ደርሶ ሲገቡ በጣም ከስተዋል። ግፊታቸውን ስለካ ደነገጥኩ።

«ለመጨረሻ ጊዜ የታዩት መቼ ነው ጋሼ?»

«አንቺ ከሄድሽ ወዲህ አልታየሁም።»

«ሦስት ዓመት ሙሉ? ኧረ ምን ነካዎት! ሆስፒታሉ አፍንጫዎ ሥር እያለ!» ድምፄ ኮሪደሩ ድረስ ተሰማ፤ እንባዬም መጣ።

እጅጌያቸውን ቀስ ብለው እያወረዱ፣ «አትቆጪ» አሉኝ። «ሰዎቹ ታከም ሲሉኝ፣ ሐኪሜ ትምህርት ላይ ናት እላቸው ነበር።»