በበቅሎዋ ጀርባ ላይ ያልጠፋው ቀዳዳ

ትናንት ረፋድ ደባርቅ ላይ... አንዲት በቅሎ ከሥራ ልታስባርረኝ ነበር። ለጥቂት ነው የተረፍኩት።

ሥራዬን ለማታውቁ፣ በሰሜን ተራሮች ወዳለው ሳንቃ በር የቱሪስት ጓዝ የሚጭኑ በቅሎዎችን ጀርባ በካሜራ እንለካለን። ልኩ ለኮርቻ ሠሪ ይሄዳል፣ ኮርቻው በልክ ይሠራል፣ በቅሎዋም ገጣባ አታወጣም። ገጣባ ማለት ጭነት የላጠው የጀርባ ቁስል ነው። ገጣባ ያለባት በቅሎ ደግሞ እስክትድን ከጭነት ተራ ትወጣለች። ተራ አስከባሪው በዚህ ጉዳይ እናቱንም አይምርም።

ካሜራው የልደት ፎቶ የሚነሳበት ዓይነት አይደለም። ዓይን የማያየው ብርሃን ይለቃል፤ ብርሃኑ በቅሎዋ ላይ ነጥሮ እስኪመለስ ምን ያህል እንደቆየ አስልቶ ርቀቱን ያውቃል። ብልጥ ነገር ነው... ብቻውን ሲሆን። እኛ ግን ግራና ቀኝ ሁለት ተክለናል። ሁለቱ እኩል ሲያበሩ የአንዱን ብርሃን ሌላው «የኔ ነው» ብሎ ይቀበላል። ባለፈው ሳምንት በዚሁ ጣጣ አንዲት ምስኪን በቅሎ ስክሪኑ ላይ ግመል ሆና ወጥታለች።

አለቃዬ ኢንጂነር ሰብለ ከአዲስ አበባ የመጣችው ይህን ግመል ሰምታ ነው። ሰላምታዋም አጭር ነበር።

«ዛሬ አንድ ንጹሕ የበቅሎ ጀርባ ካላሳየኸኝ ዕቃው ነገ ተጭኖ ይመለሳል። አንተም አብረህ።»

በመኪና ይሁን በበቅሎ አልጠየቅኳትም።

ለመለኪያ የቀረበችው የጋሽ ደርሶ ወደ ጥቁረት የምታደላ ዳማ በቅሎ ናት። ጋሽ ደርሶ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከበቅሎ ኋላ የሄዱ ረጋ ያሉ ሽማግሌ ናቸው፤ ያለቻቸውም እሷው ብቻ ናት። «ካሜራ» የሚል ወሬ ሲሰሙ ጊዜ የሠርግ ጌጧን በሙሉ አድርገውላት መጡ። ቃጭል፣ ቀይ ዘርፍ፣ ግንባሯ ላይ ትንንሽ መስታወት...

መስታወቱ ብርሃኑን ወዳሻው እየወረወረ በቅሎዋን ስክሪኑ ላይ ራስ የሌላት አደረጋት።

«ጋሽ ደርሶ፣ እባክዎ ጌጡን ያውልቁላት።»

«ኧረግ! ራቁቷን ልትነሳ ነው?»

እያጉረመረሙ አወለቁላት። እኔም ሁለቱን ካሜራዎች ተራ አስያዝኳቸው፤ አንዱ ሲያበራ ሌላው ይጠብቃል። ይህን ስነግረው አጠገባችን የቆመው ተራ አስከባሪ በጣም ደስ አለው።

«ድሮስ ያለ ተራ ማን ፈቀደላቸው?» አለኝ።

የግመሉ ጣጣ ጠፋ። አንገት መጣ፣ ዳሌ መጣ... ጀርባዋ ላይ ግን መዳፍ የሚያህል ቀዳዳ። በስክሪኑ ብንሄድ በቅሎዋ መሐሏ ባዶ ነው።

«ፀሐይዋ ናት» አልኩ በልበ ሙሉነት። ፀሐይም ያንኑ የማይታይ ብርሃን ስለምትለቅ ካሜራ ታደናግራለች። ሸራ ወጠርን። ቀዳዳው አለ። ካሜራውን አራቅኩ፣ አቀረብኩ፣ ሌንሱን በሸሚዜ ወለወልኩ። አለ። አንዱን ካሜራ ጭራሽ አጠፋሁት... ፍንክች አላለም!

«ማሽኑ ነው የኔ ልጅ፣ ማሽኑ ነው» ይሉኛል ጋሽ ደርሶ ደጋግመው። የሚያጽናኑኝ መስሎኝ ነበር።

ኢንጂነር ሰብለ ሰዓቷን አየች። «በቃ፣ ጠቅልለው። የአንተም ሥራ እዚህ ላይ አበቃ።»

አልዋሻችሁም፣ እንባዬ መጣ። ይህን ሥራ ያገኘሁት ከተመረቅኩ ወዲህ ቤት ተቀምጬ፣ ጎረቤቱ ሁሉ «አሁንም የለም?» እያለ ሲያደርቀኝ ከርሜ ነው። ዓይኔን በእጅጌዬ እየጠረግኩ ገመዱን መጠቅለል ጀመርኩ።

ጋሽ ደርሶ እኔን አዩ። ተራ አስከባሪውን አዩ። በቅሎዋን አዩ።

«ቆይ እስቲ» አሉ።

ጨርቅ በውኃ አርሰው ጀርባዋን ቀስ እያሉ መጥረግ ጀመሩ። ጨርቁ ጥቁር ሆኖ ተነሣ። ጥላሸት! በቅቤ የተለወሰ ጥላሸት... ከሥሩም ቀይ ገጣባ።

ለሰው ዓይን ከዳማው ጠጉር ጋር ተመሳስሎ አልፏል። ካሜራው የላከውን ብርሃን ግን ጥላሸቱ ውጦ አስቀርቶታል። እኔ ረፋዱን ሙሉ የብርሃን ጠብ ስገላግል፣ ለካ ማሽኑ «እዚህ ጋ የተደበቀ ነገር አለ» እያለኝ ነው።

«እስክትድን ከተራ ወጥታለች» አለ ተራ አስከባሪው፣ ጋሽ ደርሶን ላለማየት ፊቱን አዙሮ።

«አውቃለሁ» አሉ።

እንደገና ለካናት። ጀርባዋ ሙሉ ሆኖ መጣ፣ ያበጠው ቦታ ሳይቀር። ኢንጂነር ሰብለ ስክሪኑ ላይ አፍጥጣ ቆየችና «ይሠራል» አለች። «ዕቃው አይመለስም። የመጀመሪያው ኮርቻም በዚህችው ልክ ይሠራ።»

ሰው ሲበተን ጋሽ ደርሶን ጠጋ አልኳቸው። «ዝም ቢሉ እኮ ማንም አያውቅም ነበር።»

ጌጡን ወደ ከረጢት እየመለሱ ነበር። ቀና ብለው አዩኝ።

«ምን ላርግ ልጄ... እሷ ብትወጣ ቁስሏ ሲሽር ትመለሳለች። አንተ ብትወጣ ማን ይመልስሃል?»

ከረጢቱን ተሸክሜ እስከ መንገዱ ሸኘኋቸው።

እኔ ሥራዬ ተረፈልኝ፣ እሳቸው ተራቸውን አጡ፤ ከሁላችን ዕረፍት የወጣችው በቅሎዋ ብቻ ናት... እሷም ደህና ዋዪ ስላት በእርግጫ ሞክራኛለች።