ማዳም «ስቴይ» ያለች ጊዜ

ልጅ ሳለሁ እናቴን የማያት ዓርብ ዓርብ ብቻ ነበር። እሷ ሀራሙስ በሚባለው የወደብ ከተማችን የሀብታም ሰፈር፣ የውጭ አገር ሰዎች ቤት እየሠራች እዚያው ታድራለች፤ እኔ የድሃው ሰፈር ካርቲየ ካትር፣ ድሮ የከባድ መኪና ሹፌር ከነበሩት ከጋሽ ደምሴና ከሚስታቸው ዘንድ እኖር ነበር። ያኔ መብራት ጠፍቶ ሙቀቱ ከቤት ሲያስወጣን፣ ዓሣ የተጠበሰበት ከሰል አመድ እየለበሰ፣ ጋሽ ደምሴ ኩራዙን ደጃፉ ላይ አስቀምጠው ተረት ይነግሩኛል። ከሁሉ የምወደው የመንገደኛውን ነበር። «የመሸብኝ ነኝ፣ አሳድሩኝ» ይላል፤ ባለቤቱም «ቤት የእግዜር ነው፣ ግባ» ይለዋል፤ መንገደኛው ለአንድ ሌሊት ገብቶ የቤቱ ልጅ ሆኖ ይቀራል።

አንድ ዓርብ እናቴ ሻሿን እንኳ ሳትፈታ፣ «ጋሼ፣ ማዳም ስለ ልጄ ‹ስቴይ› አለችኝ። ምን ማለት ነው?» ብላ ጠየቀች።

ጋሽ ደምሴ ከወደብ የለቃቀሟት እንግሊዝኛ ነበረቻቸው። «መቀመጥ ነው፤ መኖር» አሉ። «አብራሽ ትኑር ማለቷ ነው።»

እናቴ ደፉ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

ልብሴን ሰብስበን ሄድን። ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ ባለችው ክፍሏ፣ ጠባቧ አልጋ ላይ ተቃቅፈን ተኛን። ለልብሴ መስቀያ ብላ ግድግዳው ላይ ምስማር መታች። ከጥቂት ቀን በኋላ ማዳም ወጥ ቤት ገብታ፣ ፈገግ ብላ፣ በሰባራ ዓረብኛ «ልጅሽ መቼ ነው የምትሄደው?» አለቻት። ለማዳም ‹ስቴይ› የእንግዳ ቃል ነበር፤ ጥቂት ሌሊት አድሮ መሄድ። አልዋሸችም፣ አልጨከነችምም። እናቴ «ነገ» አለችና ሸሚዝ መተኮሷን ቀጠለች።

ስንመለስ ጋሽ ደምሴ ቀና ብለው አላዩንም። «እኔ ነኝ ያሳሳትኳችሁ» አሉ።

«አይ ጋሼ» አለች እናቴ፣ ድምጿ እንደ ደከመ ሰው ዝቅ ብሎ፣ «እኔም መስማት የፈለግሁትን ነው የሰማሁት።»

ያን ማታ ተረት አልጠየቅሁም።

ዛሬ እዚሁ ከተማ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ነኝ። «ስንት ሌሊት ያርፋሉ?» ለማለት ያችን ‹ስቴይ› የምትባል ቃል ቀኑን ሙሉ ስደጋግማት እውላለሁ፤ ሰው አድሮ መሄዱም ኖሮ መቅረቱም በዚያችው ቃል መጠራቱ እስካሁን ያደክመኛል። እናቴ ጉልበቷ አልቆ አሁን እኔ ዘንድ ናት። ጧት ጧት ለሥራ ስነሳ ፍራሿን ጠቅልላ በሩ ሥር አቁማው አገኛለሁ።

«እማ፣ ቤትሽ እኮ ነው፤ ተይው» እላታለሁ።

«አውቃለሁ ልጄ» ትለኛለች፣ አንሶላውን እያጠፈች።