እንክርዳድ ጠቋሚው

በገሳይ ከተማ አካባቢ ስንዴ የዘራ ሁሉ አቶ ሙላቴን ያውቃል። እንክርዳድ ዛላ እስኪያወጣ ድረስ ከስንዴ አይለይም፤ እሳቸው ግን ገና ጉልበት ሳይደርስ ይለዩታል። ለአረም ደቦ ሲጠሩ አይነቅሉም። ከፊት እየሄዱ የእንክርዳዱን ጫፍ ያጥፋሉ፤ ከኋላ የሚከተለው ሰው የታጠፈውን ይነቅላል።

በሰኔ፣ አንገታቸው ላይ ያበጠው ካንሰር ነው ተባለ። ደብረ ታቦር መድኃኒት ቤት የምትሠራው ልጃቸው ማስተዋል ልታጽናናቸው ፈለገችና ስለ አንድ አዲስ የካንሰር መድኃኒት ያነበበችውን ነገረቻቸው። በሰው እጅ የተሠራ ሞለኪውል ነው፤ በአንድ ጫፉ የካንሰሩን ሕዋስ ይይዛል፤ በሌላው ጫፉ በደም ውስጥ እንደ ዘብ እየዞሩ በሽታ የሚዋጉትን ፀረ እንግዳ አካላት ስቦ ያመጣበታል።

«ዘቦቹ የራስዎ ናቸው፣ አባዬ። ካንሰሩን ስለማይለዩት ነው ዝም ብለው የሚያልፉት።»

«እኔን ሠሩኛ» አሉ ሳቅ ብለው። «ጠላ ይጠጣል? መቼ ነው የሚመጣ?»

ከቤተ ሙከራ እንዳልወጣ ታውቃለች። «በቅርቡ» አለች።

በሐምሌ ባሕር ዳር ሕክምና የሚጀምሩበት ቀን ደረሰ። አቶ ሙላቴ ከመደባቸው አልተነሡም።

«የሆስፒታሉ መድኃኒት ጠጉሩንም ደሙንም ይነካል ብለሽኛል። ስንዴውን ከእንክርዳዱ ጋር የሚነቅል ሰው እርሻዬ አላስገባም። ጠቋሚው እስኪመጣ እቆያለሁ።»

«አባዬ፣ ያ ነገር እኮ...»

«አንቺ ዋሽተሽኝ አታውቂም።»

ነገ እነግራቸዋለሁ እያለች ጥቅምት ገባ። እውነቱን ስትነግራቸው እብጠቱ ብብታቸው ደርሶ፣ ሐኪሙም ጊዜው አልፏል ብሎ ነበር። ወደ እሷ ዞሩ።

«‹በቅርቡ› ያልሽው ለእኔ ብለሽ ነው ወይስ ለራስሽ?»

ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። እሳቸውም ደግመው አልጠየቋትም። ከገና በፊት ተቀበሩ።

በነሐሴ፣ ለእናቷ እርሻ ጎረቤቱ ለደቦ ወጣ። ስንዴው ጉልበት አልደረሰም። ሰዉ በተርታ ቆሞ ይጠብቃል።

«እታለም፣ የሙላቴ ልጅ አይደለሽ?» አሏት ጎረቤታቸው አቶ ፈንታሁን። «ምሪን እንጂ።»

ማስተዋል ከፊት ሆና ጎንበስ አለች። አንዱን አገዳ ያዘች፣ ለቀቀችው፣ ከጎኑ ያለውን ያዘች። ሁለቱም አንድ ናቸው። ከኋላዋ አሥራ አምስት ሰው እጁን አዘጋጅቶ ቆሟል።