ከኮምፒውተሩ ያጠፋሁት ያልደረሰ ዓመት

ልጄ ሽሮ ሜዳ፣ ጋቢና ነጠላ የሚሸጥበት ሱቅ ተቀጥራ ትሠራለች። ማታ ስትመለስ ሰፈራችን መብራት እየጠፋ ስላስቸገራት፣ የኮምፒውተሩን ነገር ቀን ላይ እንድመለከትላት ለመነችኝ። ሞልቷል፤ አዲስ ነገር አላወርድም ብሏል። እሷ ደግሞ የነርስነት ትምህርት ልትመዘገብ ቅጽ ማውረድ አለባት፤ ምዝገባው ሊዘጋ ሦስት ቀን ቀርቶታል። መቀበሏን የሚገልጸው ደብዳቤም ስልኳ ታክሲ ላይ ከተሰረቀ ወዲህ ያለው እዚያው ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ነው።

"ቀላል ነው እማ" አለችኝ ጠዋት ጫማዋን እያሰረች። "ያወረድኩት ሁሉ አንድ ቦታ ነው። ከእያንዳንዱ ጎን ዓመቱ ተጽፏል። የ2017ን እና የ2018ን እንዳትነኪ። የቀረውን ዲሊት።"

የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ቁጥር ግን አይጠፋኝም። ሁለቱን ዓመቶች ወረቀት ላይ ጽፌ ተቀመጥኩ። መዝሙር መክፈት ስላስተማረችኝ ማውሱን አልፈራውም።

ስከፍተው መዓት ነው። ስሞቹ በእንግሊዝኛ ስለሆኑ ተውኳቸውና ቁጥሩን ብቻ ተከተልኩ። 2017 አለ። 2018ም አለ። ከዚያ ወዲያ 2019 መጣ፣ 2020 መጣ። ዓይኔን አሸሁ። ወረድ ስል 2025፣ ከሥሩ 2026። እኛ ያለነው 2018 ላይ ነው። ከስምንት ዓመት በኋላ የሚጻፍ ነገር ዛሬ ቤቴ ምን ይሠራል? ታመመ እንዴ ይሄ ዕቃ? አንዱንም ሳልነካ በሱቁ ስልክ ደወልኩላት።

"ከ2018 በኋላ ያለውስ?" አልኳት።

"ከ2018 በኋላ ምን አለ እማ? መች ደረስንና!" ሳቀችብኝ። "ገዢ ቆሞብኛል፣ በቃ እንዳልኩሽ አድርጊ።"

አደረግሁ። ያልደረሰውን ዓመት ሁሉ አንድ በአንድ አጠፋሁት። የሚገርመው፣ ያን ሁሉ አጥፍቼም ሞልቻለሁ ማለቱን አልተወም። የባሰ ግራ ገባኝና ዘግቼው ተነሳሁ።

እንደ ዕድል ሆኖ ያን ቀን ስትመጣ መብራት ነበር። ቦርሳዋን ሳታወርድ ከፈተችው።

"እማ፣ ደብዳቤዬስ?"

"የ2018ን አልነካሁም። ያልደረሰውን ነው ያጠፋሁት።"

ቁጥሮቹን ደግማ አየች። ከዚያ እጇን ራሷ ላይ ጫነች። "እማዬ! ኮምፒውተሩ እኮ በፈረንጅ ነው የሚቆጥረው!"

በፈረንጅ የሚቆጠር ዓመት መኖሩን መች አጣሁት። መድኃኒት ስገዛ ጊዜው የሚያልፍበት ቀን በፈረንጅ ስለሚጻፍ ፋርማሲስቷን ወደኛ ሁለቴ ነው የማስቆጥራት። ግን የገዛ ቤቴ ውስጥ ተቀምጦ፣ በአማርኛ እየዘመረልኝ፣ በፈረንጅ ይቆጥራል ብዬ በምን ልጠርጥር? አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ። የልጄን ትምህርት በገዛ እጄ ያጠፋሁት መሰለኝ።

"ቅርጫቱንስ አልደፋሽውም?"

"የምን ቅርጫት?"

ጥግ ላይ ያለችውን ትንሽ ስዕል ነካች። ያጠፋሁት ሁሉ እዚያ ተከምሯል። ለካ የጣልኩት አልወጣም፤ ሞልቻለሁ ያለውም ለዚህ ነው። ታዲያ ካልወጣ ጠፋ የሚለኝ ለምንድን ነው? ይህን ጠየቅኳት፤ እሷ ግን የ2025ንና የ2026ን ወደ ቦታቸው መልሳ የቀረውን እየደፋች ስለነበር አልሰማችኝም።

ቅጹ ወርዶ ደብዳቤው ሲከፈት አጠገቧ ቆምኩ። ምዝገባው የሚያበቃበት ቀን ላይ 2018 ይላል።

"ይሄስ የኛው 2018 ነው ወይስ ያ ያለፈው?"

"የኛ ነዋ እማ! አሁን የተጻፈ ደብዳቤ እኮ ነው።"

"ቀኑስ? ወሩስ? እነሱም እኮ በቁጥር ብቻ ነው የተጻፉት።"

"እሱም የኛ—" ብላ ቆመች። ጎንበስ ብላ ከላይ ጀምራ ደግማ አነበበችው። እኔም የማይገባኝን አብሬያት አነበብኩ።

"የኛ ነው" አለች፣ ድምፅዋ ግን ቀንሷል።

"ሦስተኛውን ቀን አትጠብቂ። ነገ በጠዋት ሄደሽ ተመዝገቢ።"

አልተከራከረችኝም። ለሱቁ ባለቤት ደውላ የነገን ፈቃድ ጠየቀች።