ሁሉ ያየው ባጃጅ

የባንክ ሥራዬን ትቼ የስልክ ጨዋታ መሥራት ስጀምር አባቴ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፤ «ጨዋታ ደግሞ መቼ ነው ሥራ የሆነው?» መልሱን አልጠበቁም። የቅኔ መምህር ናቸው፤ ተማሪያቸው ካልሆነ ሰው መልስ አይጠብቁም። እኔም ሲሸጥ ያዩታል ብዬ በልቤ ፎከርሁ። ከገንዘቡ ይልቅ የሚያንገበግበኝ ይኸው ነበር።

ጨዋታው በጎንደር ዳገትና ቁልቁለት ባጃጅ መንዳት ነው። ተጫዋቹ ከፒያሳ ተነሥቶ የሚጨቃጨቁ ተሳፋሪዎችን ሳይጣላ ማድረስ አለበት። ጭቅጭቁን አንድም ሳይቀር የጻፍሁት እኔ ነኝ። ወሬዬን ሳልጨርስ አልወርድም የሚሉት ሽማግሌ አባቴ ናቸው፤ ጥምጣማቸውን ብቻ አውልቄላቸዋለሁ።

ለሽያጭ ባቀረብሁት ሰሞን አንድ ጓደኛዬ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሲጫወተው ቀርፆ፣ የተሳፋሪዎቹን ንግግር በየድምፃቸው እያነበበ ኢንተርኔት ላይ ለቀቀው። «ነፃ ማስታወቂያ ሠራሁልህ፤ መርቀኝ» አለኝ። መረቅሁት።

አገር ምድሩ አየው። የድሮ የባንክ ባልደረባዬ አራዳ ላይ አግኝቶኝ «ጨዋታህን አየሁት፤ ሸጋ ነው» አለኝ።

«ገዛኸው?»

«ምነው? መጨረሻውን ሁሉ አየሁት እኮ።»

ተመልካቹ በየቀኑ ሲጨምር፣ ገዢው በጣት ሲቆጠር፣ «ላም አለኝ በሰማይ» የሚባለው ገባኝ። ጓደኛዬን ቪዲዮውን ከኢንተርኔት ላይ አንሣልኝ ብዬ ለመንሁት። እየከፋው አነሣው። ሽያጩም ያን ጊዜ ጭራሽ ቀጥ አለ። ለካ እነዚያ ጥቂት ገዢዎች የመጡት ቪዲዮውን አይተው ኖሯል። መልሰህ ልቀቀው ብዬ እንደገና ለመንሁት፤ ለቀቀው። ይጥቀም ይጉዳ እስካሁን መፍረድ አቅቶኛል፤ ያለ ቪዲዮው ጨዋታዬን የሚያውቀው የለም፣ ከቪዲዮው ጋር ደግሞ የሚገዛው የለም።

አንድ እሑድ ቤት ስገባ አባቴ ስልካቸው ላይ አጎንብሰው፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ይሥቃሉ። ስብከት ሲያዩ ቪዲዮው ራሱ መጥቶላቸዋል።

«ና እስቲ ይኼን ተመልከት፤ የእኒህን አልወርድም ባይ ሽማግሌ ነገር» አሉኝ።

«ማን ሠራው?» አልኋቸው።

«ይኼ የሚናገረው ልጅ ነዋ።»

ለእሳቸው ቅኔውን ቆሞ የሚያሰማው ሰው የቅኔው ባለቤት ነው፤ አንዱ ጽፎ ሌላው የሚናገረው ነገር ይኖራል ብለው አያስቡም። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል፤ ጓደኛዬን ግን አድምቆታል። በጣም ቀናሁበት።

አባቴ ቀና ብለው አዩኝ። «አንተም ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ ከምታፈጥ፣ እንዲህ ያለ ሸጋ ነገር ብትሠራ ምን አለበት?» አሉኝ።

የእኔ ነው ልል አፌን ከፈትሁ። እሳቸው ግን ቪዲዮውን እንደገና ከመጀመሪያው ጀምረውት ነበር። በእኔ ሥራ እንዲህ ሲሥቁ አይቼ አላውቅምና፣ ጎናቸው ተቀምጬ አብሬያቸው አየሁት።