ከሸኮ ማዶ የጠፋችው የግራዋ ቅርንጫፍ

በመጀመሪያ ማን እንደሆንኩ ልናገር። የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም፤ ፊደልን ከዘይት ቆርቆሮ ላይ፣ ሒሳብን ከቡና ሚዛን፣ መንዳትን ደግሞ ጭነት መኪና ላይ ተሳፍሬ የሾፌሩን እግር እያየሁ ተማርኩ። "መንዳት ማን አስተማረህ?" ሲሉኝ "ማንም" እላለሁ። አብረውኝ የተሳፈሩ ግን ሳልነግራቸውም ያውቁታል። ሚዛን ተፈሪ ላይ ያለ እኔ ሽማግሌ አይላክም። ስለዚህ የእህቴ ልጅ ታደሰ የቴፒ ልጅ ሲወድ ዋናው ሽማግሌ ሌላ ማን ሊሆን ነው?

ንጋት፣ ሚዛን ተፈሪ

ጭጋጉ ገና ከዛፉ አልወረደም። አሮጌዋ ላንድሮቨሬ ተገፍታ ተነሳች። ከጎኔ ባለሱቁ አቶ ሁሴን ተቀምጠዋል፤ የጅማ ሰው ናቸው፤ የልጅቷን አባት አቶ ገብሬን በቡና ንግድ ከሩቅ ያውቋቸዋል። እኔ አይቻቸው አላውቅም። ቀጠሯችን እኩለ ቀን ነው።

"ነገ የሌላ ወገን ሽማግሌዎች ይገባሉ" አሉኝ አቶ ሁሴን። "ዛሬ ካልደረስን ልጅቷ ሄደች።"

"እኔ እየነዳሁ?"

"እሱን እኮ ነው የምፈራው" አሉና ወደ ዱዓቸው ተመለሱ።

ረፋድ፣ ሸኮ

ሻይ በዳቦ፤ አንድ እጅ ሙዝ በስሙኒ። የቀበሌው ጥበቃ የይለፍ ወረቀታችንን አየና "ጓዶች፣ ማዶ መንገድ እየተሠራ ነው፤ ቀስ በሉ" አለን። ቀስ ማለት ለማያውቅ ሰው ነው አልኩት።

ከሸኮ ማዶ

ተራራው በአንድ ጎኑ ተቆርጧል። ቀይ አፈር፣ የተገነደሰ ዛፍ፣ በወዲያ በኩል ገደል። መንገዱ የሚያሳልፈው አንድ መኪና ብቻ ነው፤ ከዚህ ጫፍ የወዲያኛው ጫፍ አይታይም። ቀይ ጨርቅ የያዘ የቤንች ሰው ከፊታችን ያሉትን አሳለፈና ለእኔ፣ ለመጨረሻው፣ የግራዋ ቅርንጫፍ ዘረጋልኝ።

"አባባ፣ ይሄን ማዶ ላለው ጓደኛዬ…"

"ገባኝ፣ ገባኝ!"

ለሽበቴ የተሰጠ ክብር መስሎኝ መስታወቱ ላይ ሰካሁት።

"ከነጩ ድንጋይ አይውጡ!" ብሎ ጮኸ።

ኖራ የተቀቡት ድንጋዮች ለጀማሪ ናቸው ብዬ ወጣሁ። አዲስ የተደፋው ገረጋንቲ ላንድሮቨሯን እስከ ሆዷ ዋጣት። ግሬደር ነጂው ሊያግዘን ወርዶ ሲመጣ ስለ ማርሽ አጠቃቀም አስተማርኩት። ትቶኝ ተመለሰ። ብዙ ከለፋን በኋላ ብልሃቱ ከራሴ መጣ፦ ቅርንጫፉን ጎማው ሥር ከተትኩት። ወጣን! ከቅርንጫፉ ግን አንዲት ቅጠል አልተረፈችም።

ከሰዓት፣ ወዲያኛው ጫፍ

ቡና የጫኑ መኪናዎች ተደርድረው ይጠብቃሉ። ሌላው ባለ ቀይ ጨርቅ እጁን ዘረጋልኝ።

"ቅጠሉስ?"

"የቱ ቅጠል?"

"የመጨረሻው መኪና የሚይዘው ነዋ! እሱ ካልመጣ ከኋላዎ ሰው አለመኖሩን በምን አውቃለሁ? ገደሉ ጋ ሁለት መኪና ቢገናኝ እርስዎ ሊያወጧቸው ነው?"

ከኋላዬ ማንም የለም ብዬ ማልኩ።

"መሐላ ቅጠል አይሆንም። በእግርዎ ይመለሱና ከጓደኛዬ ሌላ ያምጡ።"

ከሰልፉ መካከል አንድ ነጠላ የለበሱ ሰው ከመኪና ወረዱ። "ቤቴ ሽማግሌ ስጠብቅ ውዬ ቀሩብኝ። ወደ ሥራዬ ልሂድ ብል ደግሞ አንድ ሞኝ ቅጠል በልቶ ያስቆመኛል? ና፣ አብረን እንሂድ፤ ብቻህን ከሄድክ እሱንም ትጥለዋለህ!"

አቶ ሁሴን ጆሮዬ ሥር "አቶ ገብሬ ናቸው" አሉኝ።

ሦስታችንም በእግራችን ጭቃውን እየረገጥን ሄድን። አዲሱን ቅርንጫፍ አቶ ገብሬ ራሳቸው ያዙት፤ እኔን አላመኑኝም። ስንመለስ ትንፋሼን ሰብስቤ "የቀሩብዎት ሽማግሌዎች እኛ ነን" አልኩ።

ቆሙ። እስከ ጉልበቴ የተለጠፈብኝን ቀይ ጭቃ አዩ።

"ልጁ ምን ዓይነት ሰው ነው?"

"ሠራተኛ፣ የሰው ምክር የሚሰማ።"

"በእናንተ ወገን አልወጣም ማለት ነው። መንዳት ይችላል?"

"ገና ነው፤ ግን እኔ ራሴ…"

"እንግዲያው ስማኝ። ነገ የሚመጡት በመኪና ይመጣሉ፤ እናንተ ይህን ጭቃ በእግራችሁ ደርሶ መልስ ረግጣችሁ ለመናችሁኝ። ልጄን ሰጥቻለሁ። አንተ ግን ልጁን መንዳት እንዳታስተምረው።"

ከእኔ ቀድመው አቶ ሁሴን "ወላሂ አያስተምረውም!" አሉ።

እንግዲህ በዚያ ጉዞ ያከናወንኩትን ልቁጠር፦ መንገድ ዘጋሁ፣ መንገድ አስከፈትኩ። ለግሬደር ነጂ ትምህርት ሰጠሁ። ስመለስ፣ አቶ ሁሴን ምስክሬ ናቸው፣ በነጮቹ ድንጋዮች መካከል ቀስ ብዬ ነዳሁ። ማንንም ገደል አልከተትኩም። ልጅቷንም ለእህቴ ልጅ አጨሁ። ታደሰ ዛሬ የሦስት ልጆች አባት ነው፤ ወደ ሥራውም የሚሄደው በእግሩ ነው።