ማለዳ ማለዳ ያየሁት አባቴ

አሶሳ ውስጥ ባለ አንድ ኮሌጅ የሥነ ልቦና የምርምር ዘዴ አስተምራለሁ። ትምህርት ሲጀመር ለተማሪዎቼ ሁለት ጥያቄ እሰጣቸዋለሁ። መለኪያችሁ እለካዋለሁ ያለውን ነገር በእርግጥ ይለካል? በሌላ ሰዓት፣ በሌላ ሰው እጅ ቢለካስ ያንኑ ውጤት ይሰጣል? አባቴ መርሳት ሲጀምር የፊተኛውን ብቻ ጠይቄ የኋለኛውን ተውኩት።

አባቴ በደርግ ጊዜ ከወሎ የመጣ ሰፋሪ ነው። ወደ ባምባሲ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ የሰፈራ መንደር ማሽላና በቆሎ እያረሰ አሳደገን። እናታችን ካረፈች ወዲህ አብራው የምትኖረው ታላቅ እህቴ ናት። ታናሽ ወንድሜ እዚያው መንደር ትዳር ይዞ እርሻውን ይሠራል። አንድ ቀን እህቴ ደወለችልኝ፦ “አባባ የነገርኩትን ወዲያው ይረሳል። ጤና ጣቢያ ልወስደው ነው፣ ና።”

ሄድኩ። የተቀበለችን ባለሙያ ወጣትና ትሁት ነበረች።

“አባባ፣ ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?”

“ሻዕባን ተጋምሷል” አላት አባቴ። በእስልምናው የወር አቆጣጠር ትክክል ነበር፤ ወረቀቷ ላይ ግን እንደ መልስ የሚቆጠር አልነበረም።

“አሁን ያለነው ስንተኛ ፎቅ ላይ ነው?”

ቀና ብሎ የቆርቆሮውን ጣሪያ አየ። “ፎቁ የታለ ልጄ?”

“እሺ፣ ከመቶ ላይ ሰባት ሰባት እየቀነሱ ይንገሩኝ።”

“ምን ገዝቼ?”

እኔ ሳቅሁ፤ እህቴ አልሳቀችም። ባለሙያዋ ውጤቱ ዝቅተኛ መሆኑንና ሐኪም ቢያየው እንደሚሻል ስትነግረን ደሜ ፈላ። “ይህ ጥያቄ የተዘጋጀው ፊደል ለቆጠረ ሰው ነው” አልኳት። “የሚለካው ትምህርት ቤት መግባቱን እንጂ ማስታወሱን አይደለም።”

“እውነትዎን ነው፣ ሌላ መጠየቂያ ግን የለንም” አለችኝ በለሆሳስ። “ጥያቄው አይሆንም ማለት ግን እሳቸው ደህና ናቸው ማለት አይደለም። ቢታዩ ጥሩ ነው።”

አላሳየሁትም። ጭራሽ ታሪኩን ክፍል ውስጥ ለምሳሌ አቀረብኩት፤ “ፎቁ የታለ?” የሚለው ላይ ስደርስ ተማሪዎቼ በሳቅ አለቁ።

እህቴ ግን አልተወችም። ወንድሜን ስጠይቀው “አባባ ምን ሆነ? ማሳውን ከእኔ በላይ ያውቀዋል” አለኝ። ሁለት ታዛቢ ያልተስማማበት ነገር አይታመንም ብዬ ደመደምኩ። ወንድሜ የሚያገኘው ጠዋት እርሻ ላይ፣ እህቴ የምታየው ሲመሽ ቤት ውስጥ መሆኑን አላሰብኩም። እኔም የምሄደው ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ጠዋት ደግሞ አባቴ ያው አባቴ ነው፤ ይቀልዳል፣ የጎረቤት ከብት በቀለሙ ይለያል፣ ወሎ ስለቀረች ታናሽ እህቱ ያወራል።

“ከመግሪብ በኋላ ና እስቲ” ትለኝ ነበር እህቴ።

“ሲመሽ መመለሻ ባጃጅ የለም” እላታለሁ። እዚያው ማደር እንደምችል ሁለታችንም እናውቃለን።

በዚያ ዓመት ክረምት አባቴን ወሎ ወስደን ከአክስቴ ጋር ልናገናኘው አስበን ነበር። ከመጣ ጀምሮ አልተያዩም። መንገዱ አላስተማመነንም፣ እኔም ሥራ በዛብኝ። “አባባ ደህና ነው፣ ለከርሞ ይደርሳል” አልኳቸው። እንደ አዋቂ ስለሚያዩኝ ተቀበሉኝ።

ከርሞ ሳይመጣ አባቴ ጠፋ። የአስር ሰላት ሰግዶ ከመስጊድ እንደወጣ ወደ ቤት አልተመለሰም። ደውለውልኝ ስደርስ ፀሐይ አዘቅዝቃለች። ከመንደሩ ራቅ ብሎ አንድ የበርታ ብሔረሰብ ገበሬ ማንጎ ዛፉ ሥር አስቀምጦት አገኘነው።

“አባት ያንተ ነው?” አለኝ ሰውየው። “ቤቱ ጠፋበት። ውሃ ሰጠሁ፣ ጠጣ። ወሎ በየት ነው ይላል። እኔ ወሎ አላውቅም። አትሂድ፣ ልጅ ይመጣል አልኩት።”

አመሰገንኩትና አባቴ ፊት ቁጢጥ አልኩ። ትክ ብሎ አየኝ።

“አንተ የማን ልጅ ነህ?” አለኝ።

“ያንተ ነኝ አባባ።”

“አብሽር” አለኝ፣ እንግዳ ሰው እንደሚያጽናና። ከዚያ ወደ መንገዱ ዞረ።

ሐኪም ያየው ከዚያ በኋላ ነው። በሽታው ገፍቷል፣ የሚያድን መድኃኒት የለውም ተባልን። ቀድመን ብናመጣውም ላይድን ይችል ነበር፤ ወሎ ግን ይደርስ ነበር።

ጠዋቶቹም እየደከሙ ሲሄዱ ወንድሜ ለአክስቴ ደወለና ስልኩን አባቴ ጆሮ ላይ ያዘለት። አክስቴ በስሙ እየጠራችው ስታለቅስ እኛም ሰማን። ጥቂት አዳመጠና ስልኩን ለእህቴ ሰጣት፦ “እንኪ፣ አንዲት ሴት ታለቅሳለች። ምን እንደሆነች ጠይቂያት።”

እህቴ ተቀብላ ወደ ጓሮ ወጣች። ስትመለስ፣ “ቀድሜ ነግሬህ አልነበር” እንድትለኝ፣ እንድትቆጣኝ ጠበቅሁ። እሷ ግን አጠገቤ ተቀመጠችና አክስቴ ምን እንዳለች ነገረችኝ፦ “በእግሬም ቢሆን እመጣ ነበር፤ ለምን አልነገራችሁኝም?”

አሁን ማክሰኞና ሐሙስ እዚያ አድራለሁ። እህቴ ታርፋለች፤ እራቱን አጎርሰዋለሁ። ሲጠግብ እጄን ይይዝና ይመርቀኛል፦ “አላህ ልጆችህን ያሳድግልህ፣ አንተ ሰው።”